ያገለገለ ካሚዮን ቀለሙ በተጫረ ጊዜ ስለ ማደስና ስለ መሸፈን



ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ፥ ስለ ከብት በሽታም ብዙ ይጻፋል። ዘሩንና ማዳበሪያውን ከወደብ ወደ መጋዘን፥ እህሉንም ከአውድማ ወደ ገበያ የሚያመላልሰው ግን ካሚዮን ነውና፥ ስለ እርሱ ገላ ጥቂት ቃል ማቅረብ ከእርሻ ነገር መውጣት አይሆንም። ስለ ሞተሩ ሰው ሁሉ ይጠነቀቃል፤ ዘይቱን ይለካል፥ ጎማውን ይመታል። በላሜራው ላይ ያለውን ጭረት ግን «መልክ ነው፤ ሥራ አይከለክልም» እያለ ያልፈዋል። ቀለም ለመልክ ብቻ የተቀባ ቢሆን ኖሮ ይህ አነጋገር እውነት በሆነ ነበር።

ብረት ከመሬት በተቆፈረ ጊዜ ንጹሕ ብረት አልነበረም፤ ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ቀይ ድንጋይ ሆኖ ነበር። በታላቅ እሳት ተለይቶ ብረት ሆነ። ስለዚህ ውሃና አየር ባንድነት ባገኘ ቁጥር ወደ ቀድሞ ነገሩ ይመለሳል፤ ዝገት የምንለውም ይህ መመለሱ ነው። ቀለም የተቀባው ውሃውንና አየሩን ከብረቱ ለመለየት ነው። የዝገቱ ክፋት ደግሞ በጀመረበት ቦታ አለመቆሙ ነው። ዝገት ከበላው ብረት ይልቅ ብዙ ሥፍራ ይይዛልና፥ ደኅናውን ቀለም ከሥሩ እየገፋ ያነሣዋል፤ በተነሣው ቀለም ሥር ውሃ ይገባል፤ ውሃውም ሌላ ዝገት ይወልዳል። የጋቢናው ላሜራ ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በላዩ ያለው የፋብሪካ ቀለም ከመሠረቱ እስከ ላዩ ቢደመር የሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የእሾህ ጫፍ ይህን ያህሉን ቀዶ ብረት ቢደርስ ምን ያስደንቃል?

ይህም በሁሉ አገር እኩል አይደለም። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልስ ወይም በጅቡቲ ባሕር ዳር የሚያድር ካሚዮን ፈጥኖ ይዝጋል፤ ጨው የዝገትን ሥራ እጅግ ያፋጥናልና። ማዳበሪያም እንደ ጨው ነው። ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ የሚባሉት እርጥበትን ከአየር ስበው ይረጥባሉ፤ ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ፍርፋሪ በጭነት ሣጥኑ ማዕዘንና በጭረቱ ውስጥ ገብቶ ክረምቱን ከቆየ ብረቱን ይበላል። ማዳበሪያ ያራገፈ ካሚዮን በዚያው ቀን በብዙ ውሃ ይታጠብ ዘንድ ትእዛዝ መስጠት ለሹም አንድ ቃል ነው፤ የሚያድነው ብረት ግን ብዙ ነው። በደጋው አገር ደግሞ ጨው ባይኖርም የፀሐዩ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፥ በእጅ ሲዳሰስ እንደ ኖራ ዱቄት ይሆናል።

በዚህ ነገር እንድጽፍ ያነሣሣኝን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የገበሬዎች ማኅበር ያገለገለ ካሚዮን ሲገዛ ከተረካቢዎቹ አንዱ ሆኜ ተላክሁ። ካሚዮኑ እንደ መስተዋት ያበራ ነበር። እኔም ሞተሩን መካኒኩ ይመርምር ብዬ፥ የገላውን ነገር በዓይኔ አይቼ፥ በመረከቢያው ወረቀት ላይ «ቀለሙ አዲስና ያማረ ነው» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። የመጀመሪያው ክረምት ገና ሳይወጣ በበሩ ሥር ያለው ቀለም እንደ ቋቁቻ ይነሣ ጀመር። በኅዳር ወር አንድ ተሸካሚ ከረጢት በትከሻው ይዞ የጋቢናውን መርገጫ ሲረግጥ መርገጫው ከሥሩ ተገነጠለ፤ እግሩም ተሰብሮ ያን መኸር ሁሉ ሳይሠራ ቀረ። መርገጫው የተያያዘበት ብረት ከስቱኮና ከቀለም በቀር ምንም አልቀረውም ነበር። ሻጩ ዝገቱን ሳይፍቅ በስቱኮ ሞልቶ ቀብቶት ኖሯል። ያ ፊርማዬ ዛሬም በመዝገቡ ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጭረት ያየ ሰው መጀመሪያ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ሆነ ይለይ። ቦታው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ በአቧራው ላይ በደረቅ ጨርቅ ማሸት ግን አይገባም፤ አቧራ ደቃቅ አሸዋ ነውና ራሱ ይጭራል። ሕፃናት በአቧራው ላይ በጣታቸው ስማቸውን የጻፉበት ካሚዮን ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ስሙ የሚነበበው ስለዚህ ነው። ከታጠበ በኋላ ጥፍርን በጭረቱ ላይ አሻግሮ መሳብ ነው። ጥፍሩ ካልተያዘ ጭረቱ በላይኛው ልባስ ላይ ብቻ ነው። ጥፍሩ ተይዞ በውስጡ ግራጫ ወይም ነጣ ያለ ነገር ከታየ የመሠረቱ ቀለም ላይ ደርሷል። የሚያብለጨልጭ ብረት ወይም ቡናማ ነገር ከታየ ግን ቀለሙ ሁሉ ተቀድዷል፤ ይህ ለነገ የሚባል አይደለም።

የካሚዮኑም ዘመን ይታወቅ። እንደ ኤንትሬው ፊያት ያሉ የቀድሞ ካሚዮኖች ከመሠረቱ በላይ ያላቸው አንድ ዓይነት ቀለም ብቻ ነው። ከኋላ ዘመን የተሠሩት ብዙዎቹ ግን ከቀለሙ በላይ እንደ ቫርኒሽ ጥርት ያለ ልባስ አላቸው። የሚለየው እንዲህ ነው፦ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ በማይታይ ቦታ ማሸት፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ጥርት ያለው ልባስ የለም፤ ጨርቁ ከመኪናው ቀለም ካልነካ ልባሱ አለ።

ቀላሉን ጭረት በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፥ ወረቀቱንም ቦታውንም በሳሙና ውሃ እያራሱ፥ ቀስ አድርጎ ማሸትና ከዚያ በኋላ በፖሊሽ መወልወል ይበቃል። ይህም ሥራ ቀለሙን እያሳሳ የሚሄድ ነውና መደጋገም አይገባም። በየበዓሉ ካሚዮኑን በፖሊሽ የሚያሹ ሾፌሮች አሉ፤ ትጋታቸው ደግ ነው፥ ነገር ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ በማዕዘኖቹ ላይ የመሠረቱ ቀለም ብቅ ይላል።

ብረት የደረሰውና የዛገው ጭረት ሌላ ነገር ነው፤ አብዛኛውም ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነው። ሠራተኛው ቸኩሎ በዝገቱ ላይ ቀለም ይደርባል፤ ለሁለት ወር ያማረ ሆኖ ይታያል፤ ዝገቱ ግን ከቀለሙ በታች ሥራውን አላቋረጠም። ስለዚህ አስቀድሞ በዙሪያው ተነሥቶ ያለውን ቀለም ሁሉ በስፓቱላ መፋቅ ያሻል። እጅ የሚቆመው ቀለሙ በላሜራው ላይ ጠንክሮ ከተያዘበት ዘንድ ሲደርስ ነው፤ ብዙ ጊዜም የጣት ወርድ የመሰለው ዝገት ተፍቆ ሲያልቅ የእጅ መዳፍ ያህል ሆኖ ይገኛል፤ ይህን አይቶ መደንገጥ አይገባም። ቀጥሎ በሽቦ ብሩሽና በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ይታሻል። ከዚያም በ180 በኋላም በ320 ቁጥር የደኅናው ቀለም ጠርዝ እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ሜዳ ተዳፋት እስኪሆን ድረስ ይለሰልሳል። ዓይን ጨፍኖ በጣት ሲዳሰስ ጠርዙ የማይታወቅ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው። ጠርዙ ከቀረ በስንት ቀለም ቢሸፈን ፀሐይ ሲመታው ይታያል።

በብረቱ ጉድጓድ ውስጥ ሊደረስበት ያልተቻለ ጥቁር የዝገት ነጥብ ከቀረ፥ የዝገት ማክሸፊያ የሚሉት ፈሳሽ በገበያ አለ። ይህ ከፎስፎሪክ አሲድ ወይም ቆዳ ከሚለፋበት የዛፍ ልጥ ከሚገኘው ታኒን የተሠራ ነው፤ ዝገቱን ወደማይንቀሳቀስ ጥቁር ነገር ይለውጠዋል። የረጠበ ቆዳ በብረት ምስማር ላይ ሲያድር ጥቁር ነጥብ እንደሚያወጣ ያየ ሰው የዚህን ነገር ጠባይ ያውቀዋል። ነገር ግን ይህ ለቀረው ጥቂት ነጥብ ነው እንጂ በመፋቅ ፈንታ የሚደረግ አይደለም። ጣት ሲጫነው የሚሰበር ወይም የተበሳ ላሜራ ከተገኘ ደግሞ መድኃኒቱ ቀለም አይደለም፤ ወደ ባትላሜራ ሠራተኛ ሄዶ የበሰበሰው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየድ። መርገጫ፥ የበር ማጠፊያ፥ ጋቢናው ከሻንሲው የሚያያዝባቸው ቦታዎች እንዲህ ሆነው ከተገኙ ካሚዮኑ ሰው እንዳይጭን ማገድ የሹም ሥራ ነው።

የነጣው ብረት ሳይዘገይ በዚያው ቀን የመሠረት ቀለም፥ በሱቅ አንቲራስት የሚሉት፥ ይቀባ። ማታ ነጭ ሆኖ ያደረ ብረት ጠዋት በጤዛ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ከመቀባቱም በፊት ዘይትና የእጅ ላብ እንዳይቀር በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ይወልወል፤ በዚህ ጊዜ በባዶ እጅ መንካት ክልክል ነው። አሮጌ የሞተር ዘይት ዝገት ይከላከላል እያሉ የካሚዮኑን ታች የሚቀቡ ብዙዎች ናቸው፤ ዘይቱ የነካው ቦታ ግን እስኪጸዳ ድረስ ምንም ቀለም አይዘውም።

ጎድጓዳው በስቱኮ ይሞላል። የሁለት ቅልቅል የሆነው ስቱኮ ከማድረቂያው ጋር ሲደባለቅ ማድረቂያው በመቶ ሁለት እጅ ያህል ይሁን። ማድረቂያው ከበዛ የላዩን ቀለም ያስለውጣል፥ ካነሰም ስቱኮው ሳይጠነክር ይቀራል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ይሻላል። ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ደግሞ ስቱኮ ውሃ የሚጠጣ መሆኑን ነው፤ ስቱኮው በተሞላበት ቀን ቀለም ሳይሸፍነው ካሚዮኑ ለሥራ ወጥቶ ዝናም ቢመታው፥ ውሃውን በሆዱ ይዞ ከላይ ሲቀባ ከሥር ዝገትን ያፋፋል። «ነገ እንቀባዋለን» ተብሎ ግራጫ ጠቃጠቆውን እንደ ለበሰ ዓመት የሚሠራ ካሚዮን በየመንገዱ እናያለን።

ስለ ላዩ ቀለም ምርጫ ጥቂት ማስተዋል ያስፈልጋል። በ1916 ዓ.ም. በአሜሪካ ኦክላንድ የሚባሉት አውቶሞቢሎች ዱኮ በሚባለው ናይትሮ ሴሉሎስ ቀለም ተቀብተው በወጡ ጊዜ ትልቅ ነገር ሆኖ ነበር፤ ከዚያ በፊት ባለ ቫርኒሹ ቀለም ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልግ ነበርና። ይህ ናይትሮ ቀለም በደቂቃዎች ይደርቃል። ጠባዩ ግን ቁጡ ነው፤ ቲነሩ ኃይለኛ ስለ ሆነ፥ በሲንተቲክ ቀለም ላይ የተረጨ እንደ ሆነ የታችኛውን አላልቶ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ያኮማትረዋል። በናይትሮ ላይ ግን ሲንተቲክ ቢቀባ ነገር የለም። የካሚዮኑ ቀለም የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ በማይታይ ቦታ በናይትሮ ቲነር የራሰ ጨርቅ ጥቂት ጊዜ መጫን ነው፤ ቀለሙ እየሟሟ በጨርቁ ላይ ከወጣ ናይትሮ ነው፤ ከተኮማተረ ሲንተቲክ ነው፤ ምንም ካልሆነ በምድጃ ወይም በማድረቂያ የጠነከረ ነው።

ከማድረቂያ ጋር የሚደባለቀው የዛሬው የፖሊዩሬቴን ቀለም ከሁሉም ይበልጥ ይጠነክራል፤ ቤንዚንም ፀሐይም አይጎዳውም። ነገር ግን በማድረቂያው ውስጥ ኢሶስያኔት የሚባል ነገር አለ፤ ሲረጭ በጭጋጉ የተነፈሰውን ሰው አስም ሊያሲዘው ይችላል፥ አንድ ጊዜ የያዘውንም ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂቱ ይቀሰቅስበታል። በዚህ ሥራ ላይ ከጨርቅ የተሠራ የአፍ መሸፈኛ አያድንም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ በቱቦ የሚያመጣ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ በሌለበት ወረዳ የእኔ አሳብ ይህን ቀለም ከነጭራሹ ትቶ ሲንተቲኩን በብሩሽ መቀባት ነው። ውበቱ ያነሰ ነው፤ የብሩሹም መሥመር ቀርቦ ላየው ይታያል። ነገር ግን እህል የሚጭን ካሚዮን ለሠርግ የሚሄድ አይደለም። ሲንተቲኩም ቀጭን ቀጭን ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቀባ፤ በመካከሉ አንድ ሌሊት ይደር። አንድ ጊዜ በወፍራሙ የተቀባ እንደ ሆነ ላዩ ደርቆ ውስጡ ረጥቦ ይቀራል፥ ወይም እንደ ሻማ ይወርዳል።

አየሩን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። በቀትር ፀሐይ የሞቀ ላሜራ ቀለሙን ሳይዘረጋ ያደርቀዋል፤ በማለዳ ደግሞ ጤዛው በዓይን ባይታይም በብረቱ ላይ አለ። በክረምት ጉም ውስጥ የተረጨ ናይትሮ ቀለም እንደ ወተት ይነጣል። ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከረፋዱ እስከ ቀትር ያለው ጊዜ፥ ነፋስ ከማይገባበት ጥላ ሥር፥ ወለሉም አቧራ እንዳያስነሣ በውሃ ተረጭቶ ቢሆን የተሻለ ነው።

ቀለሙን ከአሮጌው ጋር ማመሳሰል ብዙ ሰው ያስቸግራል። በጋቢናው ውስጥ ወይም በበሩ ጕበን ላይ ባለው ታርጋ የቀለሙ ቁጥር ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ሆኖም ቁጥሩ የሚያመለክተው ካሚዮኑ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረውን ነው፤ አሥር ዓመት ፀሐይ የመታው ቀለም ሌላ ነው። ስለዚህ በበሩ መካከል የመዳፍ ያህል አዲስ ቀለም መለጠፍ እንደ ጥገት ላም ግንባር ቦቃ ያደርገዋል። ይልቁንስ በሩን በሙሉ፥ ወይም ፓራፋንጎውን በሙሉ፥ እስከ መጋጠሚያው መሥመር ድረስ መቀባት ይሻላል፤ ዓይን ልዩነቱን በመጋጠሚያው ላይ ብዙ አያስተውለውም። ሁልጊዜ የሚጫረው የታችኛው ክፍል ከሆነ ደግሞ ከጋቢናው እስከ ጭነት ሣጥኑ መጨረሻ በሌላ ደብዛዛ ቀለም አንድ ሰፊ መቀነት ማልበስ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጭረት ሁሉ አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይበቃዋል። ሾፌሮቻችን የተጫረውን ቦታ በጥቅስና በአንበሳ ሥዕል መሸፈን ይወዳሉ፤ ከሥሩ ዝገቱ ተፍቆ ከሆነ እኔ የምቃወመው ነገር የለኝም።

ገመድ የሚፈትገውን የጭነት ሣጥን ጠርዝና ተሸካሚዎች በጫማቸው የሚረግጡትን ቦታ ግን ቀለም ብቻውን አይችለውም። በዚያ ላይ ጎማ ወይም ወፍራም የተሸረከተ አሉሚኒየም ቢለበድ ይጠቅማል። አሉሚኒየሙ ከብረቱ ጋር በባዶው ከተገናኘና ውሃ ከገባበት ሁለቱ ብረቶች እርስ በርሳቸው ይበላላሉና፥ በመካከላቸው ቀለምና ቀጭን ጎማ ይሁን፤ ከታችም ውሃው የሚወጣበት ክፍተት ይተውለት። አለዚያ ልብዱ ራሱ የዝገት ጎተራ ይሆናል።

ስለ ሠራተኛው ደኅንነት፦ የቀድሞ ካሚዮኖች ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ ይልቁንም ከሥር የሚቀባው ቀይ ቀለም በእርሳስ የተሠራ ነበር። ይህ አቧራ ለሰው ሁሉ፥ ለሕፃናት ግን እጅግ መርዝ ነው። በመሆኑም አሮጌ ቀለም ሲታሽ ውሃ እያራሱ ይሁን፤ የሚታሸውም ከመኖሪያ ቤትና ከእህል መጋዘን ርቆ ይሁን፤ ጭቃውም ወደ ወንዝ አይጣል። በቲነርና በቤንዚን አጠገብ ሲጋራ አይጤስ። ሲንተቲክ ቀለም የጠጣ ጨርቅም ተጠቅልሎ በማዕዘን ሲጣል በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላልና፥ በውሃ በተሞላ ጣሳ ይቀመጥ።

ያገለገለ ካሚዮን የሚገዛ ሁሉ አዲስ ቀለም ባየ ጊዜ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ይጠርጥር። በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በላሜራው ላይ ይሂድ፤ በደኅናው ላይ ይይዛል፥ ስቱኮ በወፈረበት ይለቃል። በጣት አንጓ ሲመታ ስቱኮ ያለበት ድምፁ የታፈነ ነው። የቀለም ውፍረት የሚለካ ትንሽ መሣሪያም ዛሬ በገበያ አለ፤ ሆኖም ማግኔቱ ለድሃ ማኅበር ይበቃል። የበሩ ጎማ ሲገለጥ ቀለም የነካው ከሆነ፥ ወይም በመስኮቱ ጠርዝ ላይ የቀለም ጭጋግ ካለ፥ ካሚዮኑ ከፋብሪካ በኋላ ተቀብቷልና ለምን እንደ ተቀባ ይጠየቅ። ምንጣፉም ይነሣ፤ መርገጫውን በሙሉ ክብደት ረግጦ መሞከር ከሁሉ ይበልጣል። የታየው ሁሉ፥ ስቱኮ ያለበት ቦታ ሳይቀር፥ ሻጩ ባለበት በመረከቢያው ወረቀት ይጻፍ።

የካሚዮኑ ቀለም ዓይነት በሊብሬው ላይ የተጻፈ ነውና፥ ሙሉው መልክ የተለወጠ እንደ ሆነ መኪናውን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ማስታወቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሾፌሩ በኬላ ይቆማል። ከተቀባው የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቆ፥ ቆርቆሮውን ገልብጦ በጥላ ማስቀመጥ፥ በላዩም የተቀባበትን ቀንና የካሚዮኑን የሰሌዳ ቁጥር መጻፍ ነው።